ከጾም የተረፈው የማን ነው?

በአዊ ምድር፥ ከእንጅባራ ደጋ አንሥቶ እስከ ዳንግላ ድረስ፥ የነቢያት ጾም የሚገባው ጐተራ በሚሞላበት ወራት ነው። ኅዳር 15 ቀን ጾሙ ሲያዝ ገበሬው ማጭዱን ይዞ ከእርሻው ላይ ይገኛል፤ ጤፉና ዳጉሳው ይታጨዳል፥ ይከመራል፤ አውድማውም ተለቅልቆ በሬዎች ይሄዱበታል። ላሞቹም ክረምት ያበቀለውን ሣር ጠግበዋልና ወተታቸው ገና አልነጠፈም። ዐቢይ ጾም ግን እንዲህ አይደለም፤ እርሱ የሚውለው ሣሩ ደርቆ እህሉም መጕደል በጀመረበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ዐቢይ ጾምን የሚጾም ድኻ ገበሬ እኩሌታውን በፈቃዱ፥ እኩሌታውን በማጣቱ ይጾማል። የነቢያትን ጾም የሚጾም ግን በእጁ ያለውን እያየ ይተዋል። ይህ ጾም ከሌላው ጾም ይልቅ የሰውን ልብ ለመመርመር የተመቸ መሆኑ ስለዚህ ነው፤ የተተወው ነገር በዓይን ይታያል፥ በእጅም ይዳሰሳልና።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ሰው በእነዚህ 43 ቀናት ከአፉ የከለከለው ወተትና ቅቤ፥ ዕንቍላልና ሥጋ፥ እስከ ቀትር ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት በመቈየቱም የቀረው ቍርስ፥ ይህ ሁሉ ወዴት ይሄዳል? በብዙ ቤት መልሱ የታወቀ ነው። ወተቱ ተናጠ፥ ቅቤው በቅል ተከማቸ፤ በጉ ታስሮ ተቀለበ፤ ዶሮው ለበዓል ገበያ ተጠበቀ። ታኅሣሥ 29 ቀን፥ በዘመነ ዮሐንስም ታኅሣሥ 28 ቀን፥ ቅዳሴው ተፈጽሞ ሰው ወደ ቤቱ በተመለሰ ጊዜ የተከማቸው ሁሉ በአንድነት ማዕድ ላይ ወጣ። እንዲህ ከሆነ የተተወ ነገር የለም፤ የተቈየ ነገር ነው ያለው። ዕቁብተኛ በየሳምንቱ ይጥላል፥ ዕጣው በደረሰውም ቀን የጣለውን ይሰበስባል፤ ይህም የተመሰገነ ቍጠባ ነው። ዳሩ ግን ዕቁብ ጥሎ ምጽዋት ሰጠሁ ያለ ሰው ከቶ አልተሰማም። ለራሱ አቈይቶ ራሱ የሚበላ ጿሚስ ከዕቁብተኛ በምን ይለያል?

በዚህ ላይ የሚመልስ ሰው አይጠፋም። ጾም የሥጋን ፈቃድ መግራት ነው እንጂ የምግብ ሒሳብ አይደለም፤ የጾመ ሰው ዋጋው ራሱን መግዛቱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቅቤው ወዴት እንደ ሄደ መመርመር የጓዳ ነገር እንጂ የነፍስ ነገር አይደለም፥ ይላል። ይህ ቃል እኩሌታው እውነት ነው። ራስን መግዛት የጾም ሥር ነውና። ነገር ግን ሥር ፍሬ ካላፈራ ዛፉ ስለ ምን ተተከለ? ጾሙ የተጠራውም በነቢያት ስም ነው፤ ከነቢያትም ስለ ልደቱ አብዝቶ የተናገረው ኢሳይያስ በ58ኛው ምዕራፍ ስለ ጾም ሲናገር ራስን እንደ ደንገል ማቀርቀርና ማቅ ማንጠፍ ብቻውን የተመረጠ ጾም እንዳልሆነ፥ የተመረጠው ጾም ለራብተኛ እንጀራን መቍረስና ስደተኛን ድኻ ወደ ቤት ማግባት እንደ ሆነ አስተምሯል። በነቢያት ስም የሚጾም ሰው የነቢያትን ትምህርት ቢተው፥ በአባቱ ስም እየማለ የአባቱን ኑዛዜ እንደሚያፈርስ ልጅ ይቈጠራል።

ሒሳቡም የጓዳ ነገር ብቻ እንዳልሆነ ከጥንት መጻሕፍት አንዱ ይመሰክራል። በ2ኛው መቶ ዓመት በሮም ከተማ የተጻፈው የሄርማስ ኖላዊ መጽሐፍ ከጥንት ጀምሮ በግእዝ ተተርጕሞ በኢትዮጵያ የኖረ ነው፤ አንቷን ዳባዲ የተባለ ፈረንሳዊ ተጓዥ የግእዙን ቅጂ በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ1860 ዓመት በላይፕሲክ ከተማ አሳትሞታል። በዚህ መጽሐፍ ኖላዊው ለሄርማስ የጾምን ሥርዓት ሲያስተምረው፥ በጾምህ ቀን ልትበላው የነበረውን ምግብ ዋጋውን ገምት፥ ግምቱንም ለባልቴት ወይም ለሙት ልጅ ወይም ለተቸገረ ሰው ስጥ የሚል ምክር ይሰጠዋል። እንግዲህ ሒሳብን ወደ ጾም ያገባው ዘመናዊ ሰው አይደለም፤ ጥንታዊው ኖላዊ ነው። ፍትሐ ነገሥትም ስለ ጸሎት በ14ኛው፥ ስለ ጾም በ15ኛው፥ ስለ ምጽዋት በ16ኛው አንቀጽ አከታትሎ ይናገራል። ቅደም ተከተሉ ራሱ ትምህርት ነው፤ ከጾም የወጣ ሰው የሚደርስበት ቀጣዩ ደጅ የምጽዋት ደጅ ነውና።

የቀኖቹም ቍጥር እንዲሁ ያስተምራል። ሊቃውንት 40ውን ቀን ከሙሴ ጾም ጋራ ያያይዙታል፤ 3ቱን ቀን ግን በ10ኛው መቶ ዓመት፥ በእስክንድርያው ፓትርያርክ በአብርሃም ሶርያዊ ዘመን፥ የሙቀጠም ተራራ በጸሎት ስለ መፍለሱ መታሰቢያ ነው ይላሉ። ከዚህም ጋራ አንዱ የገሃድ ቀን ሲጨመር 44 ይሆናል። በዚያ ታሪክ ተራራውን ለማፍለስ የተመረጠው ሰው ማን ነበር? ጳጳስ አልነበረም፥ ባለጠጋም አልነበረም፤ ስምዖን የሚባል ቍርበት ፋቂና ጫማ ሰፊ ነበረ። ትሩፋቱም ሌላ አልነበረም፤ ማለዳ ተነሥቶ ውሃ በአቍማዳ እየቀዳ ለሽማግሌዎችና ለድውያን ማደል፥ ከእንጀራውም ለድኾች መከፈል ነበረ። አንባቢ ይህን ያስተውል። በዚህ አገር ፋቂና ቀጥቃጭ፥ ሸማኔና ሸክላ ሠሪ በስማቸው ሲሰደቡ ኖረዋል፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ስለ ፋቂው ጸሎት 3 ቀን የሚጾም ሕዝብ ጐረቤቱን ፋቂ ከማዕዱ ቢያርቅ፥ ጾሙ በራሱ ላይ ምስክር ሆኖ ይቆምበታል።

ወደ በዓሉ የሚያደርሱትም ሦስት ሰንበታት ናቸው፤ ስብከት፥ ብርሃንና ኖላዊ። ስብከት ከታኅሣሥ 7 እስከ 13፥ ብርሃን ከ14 እስከ 20፥ ኖላዊ ከ21 እስከ 27 ባለው ሳምንት በሚውለው እሑድ ይከበራሉ። በእነዚህ ሰንበታት ካህናቱ በቅዱስ ያሬድ ዜማ ሌሊቱን በማኅሌት ቆመው ያድራሉ፤ ዝማሜው፥ ጽናጽሉና ከበሮው በደጋው ውርጭ መካከል እስከ ንጋት ይሰማል። ነገር ግን ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ኋላ ባለው አውድ ነጭ ለብሳ የቆመች አንዲት የአዊ ባልቴት ከዚህ ሁሉ ምን ያህሉን ትሰማለች? ዜማው ግእዝ ነው፥ ስብከቱ አማርኛ ነው፥ የእናቷ ቋንቋ ደግሞ አውንጊ ነው። ካህኑ በሚችለው ሁሉ በሚገባት ቋንቋ ሊያስተምራት ይገባዋል፤ ይህ የስብከት ሰንበት ዕዳ ነው። ዳሩ ግን ቋንቋ ሁሉ ቢያጥር እንኳ አስተርጓሚ የማይሻ ስብከት አለ። በበዓሉ ዋዜማ ወደ ቤቷ የተላከ ሙሉ መሶብ በግእዝም፥ በአማርኛም፥ በአውንጊም አንድ ነገር ይናገራል።

ኖላዊ ማለት እረኛ ማለት ነው፤ በዚያ ሰንበት ነቢያት መንጋውን የሚጠብቅ እረኛ እንዲመጣ የለመኑት ልመና ይታሰባል። ይህን ዜማ ለነገው ትውልድ የሚጠብቁት ደግሞ የቆሎ ተማሪዎች ናቸው። ጎጃም የቅኔና የዜማ አገር እንደ ሆነ የታወቀ ነው፤ ከሩቅ አገር የመጡ ልጆች ለምድ ለብሰው ኮፈዳ አንግበው በየመንደሩ በእንተ ስማ ለማርያም እያሉ ይለምናሉ፥ ከውሻ ጋራም ይታገላሉ። የኖላዊን ዜማ አሳምሮ የሚያዜም ተማሪ በዚያው ሌሊት ራቱን ሳይበላ ያደረ ሊሆን ይችላል። የእርሱ ጾም በኅዳር አልተጀመረም፥ በታኅሣሥም አይፈጸምም። እንግዲህ አንዱ ሰው በፈቃዱ 43 ቀን፥ ሌላው ሳይፈቅድ ዓመቱን ሙሉ ሲጾም፥ የሁለቱ ጾም በአንድ ደወል ይፈታል ማለት እንዴት ይቻላል?

ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደ ጥልቁ ጥያቄ ይደርሳል። ከጾም የተረፈውን ለድኻ የሚሰጥ ሰው ስጦታ ሰጠ ይባላልን፥ ወይስ ዕዳ ከፈለ? ስጦታ ቢባል ሰጪው ይመሰገናል፥ ተቀባዩም አንገቱን ይደፋል። ዕዳ ቢባል ግን ሰጪው ምስጋና አይጠብቅም፥ ተቀባዩም አያፍርም፤ የገዛ ገንዘቡን ተቀብሏልና። በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው የቂሳርያው ቅዱስ ባስልዮስ በቤት ተከማችቶ የሚቀመጠው ምግብ የተራበው ሰው ገንዘብ እንደ ሆነ አስተምሯል፤ ፍርዱም ወደ ዕዳ ያደላል። የጾምን ነገር ለይቶ ለተመለከተው ይህ ፍርድ ይበልጥ የጸና ነው። ሰው በፍስክ ወራት የሚበላው ለሕይወቱ ያስፈልገኛል ብሎ ሊከራከር ይችላል፤ በጾም የተወውን ግን አያስፈልገኝም ብሎ ራሱ ፈርዶበታል። 43 ቀን ያለ እርሱ ኖሮ ሲያበቃ ለእኔ የግድ ነው ቢል ቃሉ ከሥራው ጋራ ይጣላል።

ነገር ግን ብርቱ ተቃውሞ አለ። ምጽዋት ዕዳ ከሆነ ፍቅር ወዴት አለ? ግብሩን የከፈለ ሰው ሕግ ፈጸመ እንጂ ቸር ነው አይባልም፤ ሁሉ ዕዳ ከሆነ ቸርነት የሚባለው ነገር ከዓለም ይጠፋል፥ ይላሉ። መልሱ ከዕዳው ጠባይ ይገኛል። ይህ ዕዳ ዋስ የለውም፥ ውል አልተጻፈበትም፥ ባለገንዘቡም ዳኛ ጠርቶ ሊከስ አይችልም። ተማሪው ቢከለከል ወደ ሌላ ደጅ ይሄዳል፤ ባልቴቲቱም ዝም ትላለች። ዳኛ ሊያስገድደው የማይችለውን ዕዳ የሚከፍል ሰው በፈቃዱ ይከፍላል፤ በፈቃድ የተከፈለ ዕዳም ፍቅር ነው። እንዲያውም ቸርነት የሚጠፋው ሰው ዕዳውን ስጦታ ብሎ በጠራው ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ ለአንድ እንጀራ አንድ ዓመት ምስጋና ይጠይቃልና። ስለዚህ የአሰጣጡም መንገድ ከስጦታው አያንስም። ድኾችን በቤተ ክርስቲያን ደጅ አሰልፎ በሕዝብ ፊት ከመስጠት፥ በዋዜማው ምሽት በልጅ እጅ ወደ ቤታቸው መላክ ይሻላል፤ ወንጌልም ቀኝ የምትሠራውን ግራ እንዳታውቅ አዝዟል።

ሌላው ተቃውሞ ከበዓሉ ደስታ የሚነሣ ነው። ልደት የሐዘን ቀን አይደለም፤ በረቡዕና በዐርብ ቢውል እንኳ ጾም አይጾምበትም፤ ታዲያ የሚበላውን ሰው ስለ ምን ታስጨንቁታላችሁ፥ ይባላል። ማንም ከመብላት አልከለከለውም። ደስታው ግን ከማን ጋራ እንደ ሆነ ይጠየቃል። በቤተ ልሔም የምሥራቹን አስቀድመው የሰሙት በሌሊት መንጋ የሚጠብቁ እረኞች ነበሩ፤ በዚህ አገርም የገና ጨዋታ በሜዳ የሚደምቀው በእረኞች ነው። አንዱ መንደር ከሌላው ጋራ ተሰልፎ፥ ጫፉ በተቈለመመ ዱላ ሩሩን እየመታ ሲራወጥ፥ በዚያ ቀን ጌታ በአሽከሩ እንዳይቈጣ የቈየ ልማድ ነው። እግሩን የተመታ ባላባት እንኳ ስቆ ያልፋል። ይህ ልማድ ሁለት ትርጓሜ አለው። አንዱ፥ ጌታ አንድ ቀን እኩል ሆኖ የቀረውን ዓመት በጌትነቱ ደልድሎ ይቀመጥ ዘንድ የተፈቀደ ዕረፍት ነው። ሁለተኛው፥ ሰው ሁሉ እኩል እንደ ሆነ የሚመሰክር፥ የቀሩትንም ቀናት የሚወቅስ ቀን ነው። ከሁለቱ የቱ እንደ ሆነ የሚታወቀው በማግስቱ ነው። በሜዳ ላይ ከእረኛው ጋራ የተጋፋ ሰው በማግስቱ የእረኛውን ደመወዝ ቢያስቀርበት፥ ጨዋታው ጨዋታ ብቻ ሆኖ ቀርቷል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የጠነከረ ይመስላል። ያላረሰ አይበላም፤ ድኻው ቢሠራ ኖሮ ጐተራው ባልጐደለ፥ ይላሉ። ስለ ሰነፍ ሰው ይህ ቃል ይሠራ ይሆናል። ነገር ግን መሬት ለሌለው ወጣት፥ ጕልበቱ ለደከመ ሽማግሌ፥ ባሏ ለሞተባት ሴት ምን ይሠራል? ከዚህም ይልቅ የአዊ ሰው በዓይኑ ያየው ነገር አለ። በ2013 ዓ.ም. ከመተከል የተፈናቀሉ ብዙ ሺህ ሰዎች ወደ አዊ ምድር ገብተው በቻግኒ አጠገብ ራንች በሚባለው ስፍራ ተጠልለው ነበር። እነዚህ አርሰው የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ ያረሱትን አልበሉም እንጂ። ልደትን የሚያነብብ ካህን ድንግል ለማደሪያ ስፍራ እንዳጣች፥ ከጥቂት ጊዜም በኋላ ከሕፃኑ ጋራ ወደ ግብጽ እንደ ተሰደደች ያነብባል። ስደተኛ ደጁ ድረስ መጥቶ ሳለ የቤተ ልሔምን ሰዎች ጭካኔ በስብከት መንቀፍ ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው በገዛ ቤት ውስጥ ስፍራ ማስለቀቅ ነው። በዚያ ዘመን ቤቱን ከፍቶ ስደተኛ ያስገባ ገበሬ፥ መጽሐፍ ሳያነብብ የኢሳይያስን ጾም ጾሟል።

ማኅበረሰቡም ለዚህ የሚሆን ዕቃ አላጣም። ሰንበቴ አለ፥ የጽዋ ማኅበር አለ፥ ዝክርም አለ። የሰንበቴው ዳቦና ጠላ ወደ ደጀ ሰላሙ የሚመጣው ካህናቱና ነዳያኑ ይመገቡት ዘንድ ነው። ዳሩ ግን ማኅበርተኞች ተራ ገብተው እርስ በርሳቸው ብቻ የሚበላሉ ከሆነ፥ ሰንበቴውም እንደ ጾሙ ወደ ዕቁብነት ይለወጣል። ስለዚህ ታላቅ ነገር ሳይታሰብ በትንሹ ነገር መጀመር ይቻላል፤ ይህም የቅርጫው ነገር ነው። በበዓል ዋዜማ ጐረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተው በሬ ይገዛሉ፤ ሥጋው በእኩል መደብ ተከፋፍሎ ዕጣ ይጣልበታል፤ ማንም መርጦ አይወስድምና አድልዎ የለበትም። ስምንት ሰዎች በሬ ቢገዙ ስምንት መደብ ይመድባሉ። እነዚያው ስምንቱ ዘጠኝ መደብ ቢመድቡስ? እያንዳንዱ ሰው ከድርሻው የሚጐድልበት ከዘጠኝ አንዱ እጅ ብቻ ነው፤ ዘጠነኛው መደብ ግን መግዛት ላልቻለ ለአንድ ቤት ሙሉ በዓል ነው። ዕጣውም ለዘጠኙ መደብ በአንድነት ቢጣል፥ ከሁሉ ያማረው ሥጋ ለድኻው ሊወጣ ይችላል። በዚህም ሥርዓት ለድኻ የሚደርሰው ትራፊ መሆኑ ይቀራል፤ እንደ ማንኛውም ባለ መደብ ድርሻውን ይወስዳል።

የአዊ ሕዝብ ዕዳን በማሰብ የታወቀ ነው። ከልደት በኋላ በ24ኛው ቀን፥ ጥር 23፥ በእንጅባራ ሜዳ ፈረሰኞች በብዙ ጌጥ ተሰብስበው በዓል ያደርጋሉ፤ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዐድዋ ዘመቻ የተሰለፉትን ፈረሶችና ፈረሰኞች እያሰበ እስከ ዛሬ ኖሯል። ከዐድዋ ድል፥ ከ1888 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ዘመን አልፏል፤ ሕዝቡ ግን ፈረሱን እንኳ አልረሳም። ለሞተ ሰው፥ ለሞተ ፈረስም ውለታን የሚቈጥር ሕዝብ፥ በሕይወት ላለው ጐረቤቱ ዘጠነኛውን መደብ መቍጠር አያቅተውም። እንግዲህ ከጾም የተረፈው የማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ሰው መልሱን በሩቅ አይፈልግ፤ በገሃዱ ቀን፥ ቢላዋው ከመሳሉ በፊት፥ በመንደሩ ጭስ የማይወጣበት ቤት የቱ እንደ ሆነ ዞር ብሎ ይመልከት። ባለገንዘቡ በዚያ ተቀምጧል።